ለእነሱ ይሁን ያልነው ድልድይ

ሥልጣን ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በሞተር ሳይክል ነው የመጣው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገሳይ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ከአስፋልቱ ታጥፎ በኮረኮንቹ እየተንገጫገጨ፣ አንድ የግንቦት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ ቆመ። ባለሞተሩ ወጣት አቧራውን ከልብሱ ላይ ሲያራግፍ እኛ ገና ተራ ገበሬዎች ነበርን። ተናግሮ ሲጨርስ ባለሥልጣኖች ሆነን ቁጭ አልን።

ከዚያ በፊት እንዴት እንደምንኖር ካልነገርኳችሁ ደስታዬ አይገባችሁም። እኛ ቀበሌ ውስጥ አንድ ሚስማር ለመምታት ወረዳ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነበር። ወረዳ ስትሄዱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ መስክ ወጥተዋል። ከመስክ ሲመለሱ ተቀይረዋል። የተተኩት አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መንግሥት ማለት በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ያለውን ያየ የለም ይሉ ነበር።

ታዲያ ያ ከወረዳ የተላከ ወጣት ባለሙያ ምን አለ መሰላችሁ? ከእንግዲህ በጀቱም ውሳኔውም ወደ ቀበሌ ወርዷል አለ። እናንተ አንድ ሥራ ትመርጣላችሁ፣ ኮሚቴ ታቋቁማላችሁ፣ የት እንደሚሠራ ትወስናላችሁ፣ እኛ የወሰናችሁትን ነው የምንፈጽመው፣ አንጨምርበትም አንቀንስበትም አለ። ያልተማከለ አስተዳደር ይባላል ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። እኛ አገር የማያውቁትን ቃል በጭብጨባ ነው የሚቀበሉት። እኔማ ደስታው ከመቀመጫዬ አስነሥቶኝ ጋቢዬ ወድቆ የረገጥኩት ራሴው ነኝ።

ምን ይሠራ የሚለው ለክርክር አልተመቸም። ድልድይ ነው። በእኛና በገሳይ መካከል አንድ ወንዝ አለ፤ በበጋ ዶሮ ከነጫጩቶቿ የምትሻገረው፣ ወንዝ ብሎ ለመጥራት የሚያሳፍር ነገር። ክረምት ሲገባ ግን ከጉና የሚወርደው ጎርፍ ይደርብበትና በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። ያን ጊዜ ገበያውም ጤና ጣቢያውም ማዶ ይቀራል፤ እኛ ወዲህ ቆመን እናየዋለን።

የእኔን ቤት ደግሞ ይህ ወንዝ በተለይ ይነካዋል። ታናሽ እኅቴ ትርንጎ ዐረብ አገር ስትሠራ ኖራ ከተመለሰች ወዲህ፣ ባጠራቀመችው የፈረንጅ ላም ገዝታ ገሳይ ላሉ ሻይ ቤቶች ወተት ታስረክባለች። በጾም ቅቤ ታወጣለች፣ ጾሙ ሲፈታ ወተቱን ትቀጥላለች። አምና ክረምት ግን ወንዙ ዳር ቆማ ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ወተቱ በጀርባዋ ላይ እንዳዘለችው ረጋ። እንዲህ ያለ ቀን ሲደጋገም ሻይ ቤቶቹም ሌላ ሰው ያዙ። ደንበኞቿን መልሳ ለማግኘት በጋውን ሙሉ ስትለምን ከረመች። ዘንድሮ ሽሮው ላይ ተቀምጠን ሳለን ቁርጡን ነገረችኝ፦

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ክረምትም እንደ አምናው ከሆነ ላሚቱን ሸጨ እመለሳለሁ። ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ።»

እኔ ምን አልኩ? «አንቺ ካወቅሽው» አልኩ። በልቤ ግን አትሂጂብኝ ማለት አማረኝ፣ ሰው ያለሷ ቤቱ ጭር እንደሚልበት መናገር አማረኝ፣ ነገር ግን እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን በአፍ ማውጣት የለም። ይታወቃል ተብሎ ይታለፋል። እኔም እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁ።

ስለዚህ ባለሙያው ድልድዩን ራሳችሁ ወስኑ ሲል ልቤ እንዴት እንደዘለለ ገምቱት።

መጀመሪያ የኮሚቴ ሰብሳቢ መመረጥ ነበረበት። አንድ ሰው ስሜን ጠራ። ሹመቱን ፈልጌዋለሁ! ሞተር ሳይክሉን ካየሁባት ደቂቃ ጀምሮ ፈልጌዋለሁ። ነገር ግን ወግ ወግ ነውና ተነሥቼ፣ ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ከእኔ የተሻሉ ታላላቆች ባሉበት፣ እያልኩ እጄን አወራጨሁ። የምጠብቀው ሕዝቡ ተው እንጂ እንዲለኝ ነው። በድንበር የምንቋሰለው ጎረቤቴ ግን ካጠገቤ ሆኖ፣ እውነቱን ነው፣ አቅም የለውም፣ ሌላ ይመረጥ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ፈጣሪ ሲረዳኝ ሌላ የተጠራው ሰው ሁሉ ከእኔ የባሰ ሲማጸን ጊዜ ደከማቸውና ወደ እኔ ተመለሱ። ያኔ ለወጉ ያህል እንኳ አልደገምኩም፤ ቶሎ ብዬ ሄጄ ባለሙያው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሰንበቴው ቀረበ፤ ዳቦውም ጠላውም ሽሮውም። ያ ልጅ ጉዱን ያሳየን እዚህ ላይ ነው። ብላ ሲሉት በላ። እንዲህ በቀላሉ! በልቼ ነው የመጣሁት አላለ፣ አሁን ሻይ ጠጥቼ አላለ፣ አንዴ ብላ አሉት፣ እጁን ታጥቦ ቀረበ። ሴቶቹ ተያዩ። ይኼስ ይሁን፣ ወጣት ነው፣ ርቦታል። ጨምር ሲሉት ደግሞ በቃኝ አለና እጁን ሰበሰበ፤ እውነትም በቅቶት! በሞቴ ቢሉት፣ አፈር ስሆን ቢሉት፣ እሱ ፈገግ ብሎ ጠግቤያለሁ ይላል። የሰንበቴዋ ባለተራ እስከ ዛሬ ምግቤን ምን አግኝቶበት ነው እያለች ትብሰለሰላለች። ልጁ ትልቅ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው አሉ። እሺ ሲል እሺ ማለቱ ነው፣ እንቢ ሲል እንቢ ማለቱ ነው። እኛ ይህን ዓይተን መጠንቀቅ ነበረብን፣ ግን ሥልጣንና ጠላ አንድ ላይ ሲገቡ ማን ይጠነቀቃል?

የእኛን ሥርዓት ታውቁታላችሁ መቼም። የእኔ አጎት ጊደር ያመለጠችው በዚሁ ነው። አማቱ በሠርጉ ማግስት ጊደር ልስጥህ ቢለው፣ ኧረ ምን በወጣህ አለ። አማትዬው ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ ስለ ደከመው ሳይለምነው ቀረ፤ በቃ፣ እንግዲያስ ይቅር ብሎ ተኛ። አጎቴ ያቺን ጊደር በስሟ እየጠራ አረጀ።

ከሰንበቴው በኋላ ባለሙያው ዋናውን ጥያቄ አመጣ። ወንዙ ሁለት መሻገሪያ አለው፤ አንዱ ላይ ሰፈር አጠገብ፣ ሌላው ታች ሰፈር አጠገብ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሰው እየተጨዋወተ ይደርሳል፤ የትም ቢሠራ ለሁላችንም ይሆናል። ባለሙያው ድልድዩ በየትኛው በኩል ይሁን ብሎ ጠየቀ።

የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ አያ ሞላ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛስ ወንዙን ለምደነዋል። ለታች ሰፈሮች ይሁን» አሉ። ልቤ ተነካ። ይኼ ነው ሰው ማለት! የታች ሰፈሩ ሽማግሌ አባ ደርሶ ወዲያው ተነሡና፣ የለም፣ ታላቆቻችን ላይ ሰፈሮች ሳሉ እኛ እንዴት እንቀድማለን፣ ለእነሱ ይሁን አሉ። አያ ሞላ መልሰው ተነሡ። ታች ሰፈር ድልድይ ሳይኖረው እኛ በድልድይ ብንሄድ እግራችን ይሰበር አሉ። አባ ደርሶ ደግሞ ሸክላ እንደ ወደቀበት ሰው ደንግጠው፣ ክፉ አይናገሩ፣ እኛ በዋና እንሻገራለን እንጂ አንወስድባችሁም አሉ። አባ ደርሶ ዋና አይችሉም።

ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ትንሽ ይግደረደራሉ፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ሰው ተነሥቶ ያስታርቃል፣ አንደኛው ወገን እያዘነ እየተለመነ ይቀበላል። ሦስተኛው ሰው ሰብሳቢው መሆን ነበረበት። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። እኔ ግን በመልካምነታችን ፍቅር ሰክሬ ተነሣሁና፣ ይህን የመሰለ ሕዝብ ይዘን ድልድይ ባይኖረንስ ምን እንሆናለን ብዬ ተናገርኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት እናት እልል አሉ።

ባለሙያው ዞር ዞር ብሎ ተመለከተን። ያዘነልን ይመስላል። ሁለቱም ሰፈሮች አንፈልግም ካሉና ሰብሳቢውም ባይኖር ግድ የለም ካሉ፣ እሱ ውሳኔያችንን ማክበር ግዴታው እንደሆነ፣ እንግዲህ በጀቱ ለጎረቤት ቀበሌ እንደሚቀርብ አስታወቀ። እኛስ ምን አደረግን? አጨበጨብን! አየህ፣ ገባው፣ ወጉን ተማረ፣ አሁን እሱም በተራው እየተግደረደረ ነው ብለን ነዋ። አያ ሞላ የአስተዳደግ ነገር ብለው መረቁት። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። እኛም ነገ ተመልሶ እባካችሁ ውሰዱት ብሎ እስኪለምነን እየጠበቅን ወደየቤታችን ገባን።

ቤት ስደርስ ትርንጎ ላሚቱን እያለበች ነበር። ደረቴን ነፍቼ ሰብሳቢ መሆኔን ነገርኳት። ድልድዩስ አለችኝ። በኩራት ሁሉንም ተረኩላት፤ አያ ሞላ ያሉትን፣ አባ ደርሶ ያሉትን፣ እኔ የደመደምኩትን። እጇ ከጡቱ ላይ ቆመ።

«አልፈልግም ያልከውን ማን ይሰጥሃል?» አለችኝ።

ይለምኑናል እንጂ አልኳት። ለወግ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቃል አልኳት። ትርንጎ ማለቢያውን አስቀምጣ ተነሣች።

«እኔ የሰው አገር የገባሁ ዕለት ምግብ አቀረቡልኝ። አልራበኝም አልኩ፣ ይለምኑኛል ብየ። ሳህኑን አነሡት። ጦሜን አደርሁ። በማግስቱም ዐይኔ እያየ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስጡኝ ማለትን ተማርሁ። ያ ልጅ የነሱ ቢጤ ነው ወንድምዓለም፤ ሳህኑን ይዞት ሄዷል።»

ያን ጊዜ ነው ጠላው የበረደልኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ስሰማ የዱሮ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኔ ሹመት ግን አንድ ቀን እንኳ ሳትሞላ ድልድይ አስቀረች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እኔ፣ አያ ሞላ፣ አባ ደርሶና ትርንጎ ገሳይ አስፋልቱ ላይ ቆመናል። ሽማግሌዎቹን የነገሩን ክብደት ለማስረዳት ብዙ ለፍቻለሁ። አያ ሞላ እስከ መጨረሻው ልጁ መንገድ ላይ ጠብቆ ይለምነናል ብለው ነበር። ሚኒባሱ መጣ፤ ባዶ ቦታ አለው። ትርንጎ ዘልላ ገባች። አያ ሞላ በሩ ላይ ቆሙና አባ ደርሶን ይቅደሙ አሏቸው። አባ ደርሶ ኧረ በማርያም እርስዎ ይቅደሙ አሉ። እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ ታላላቆቼን ገፍቼ ልገባ ነው? ረዳቱ ትገባላችሁ አትገቡም ሲል አያ ሞላ ወደ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እጃቸውን ዘርግተው እነሱ ይግቡ አሉ። እነሱ ገቡ። ይኸኔ ሚኒባሱ ሞላ። ትርንጎ በመስኮት እያየችን፣ አፏን ከፍታ፣ ወደ ደብረ ታቦር ሄደች።

ሁለተኛውም መኪና እንዲሁ አመለጠን፤ ይኸኛው የአባ ደርሶ ተራ ነው። በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ አግኝተን ከላይ ወጣን። የድንች ጭነት በር ስለሌለው አያከራክርም፤ ሁሉም በየፊናው ይቧጥጣል። ነፋሱ ጋቢያችንን እየገለበ፣ አባ ደርሶ በአንድ እጃቸው ቆባቸውን በአንድ እጃቸው እኔን ይዘው ደብረ ታቦር ገባን።

ትርንጎ ቢሮው ደጃፍ ተሰልፋ ጠብቃናለች። ተራችን ሲደርስ አንዲት ነፍሰ ጡር መጣችና አሳለፍናት፤ ደግ አደረግን። ቀጥሎ አንድ ቄስ መጡ፤ አሳለፍናቸው። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ መጣ፤ እሱንም አባ ደርሶ የቸኮለ ይመስላል ብለው አሳለፉት። ትርንጎ ከዚያ በኋላ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

የኃላፊዋን ቢሮ ከፈትኩ። ኃላፊዋ ነበሩ! ስብሰባም መስክም አልሄዱም፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አገር መለወጡን በዐይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁጭ በሉ አሉን። ቆመን ይሻለናል አልን። ምን ልርዳችሁ አሉን። አባ ደርሶ ጎንበስ ብለው፣ ኧረ ምንም፣ እንዲያው ጤናዎን ልንጠይቅ ነው አሉ። አያ ሞላም በዚያው ስናልፍ ነው አሉ። ኃላፊዋ እኔን አዩኝ። ሰብሳቢ ነኝ፤ ቀድሞ ነገር ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ድልድይ የሚለው ቃል ከምላሴ ሥር ተጋድሞ አልነሣም አለ። የእኔ አፍ የሰው ንብረት ማመስገን እንጂ የራሱን መጠየቅ አልለመደም። ደኅና ዋሉ አልኩ።

ትርንጎ መሐላችን ገብታ ቆመች። «ድልድይ እንፈልጋለን። ትናንት አንፈልግም ያልነው ስንግደረደር ነው» አለች። አባ ደርሶ ከነውሩ የተነሣ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ኃላፊዋ ሳቃቸውን ለመዋጥ መስኮቱን ከፍተው ትንሽ አየር ወሰዱ። የጋይንት ሰው ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ነገር ግን እሳቸው ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ነገሩን። ሥልጣኑ ወርዷል፤ ቀበሌ የወሰነውን ወረዳ አይሽርም። አባ ደርሶ ይህን ሲሰሙ ተሸበሩ። እመቤቴ፣ እንደ ዱሮው ይዘዙን፣ ይቆጡን፣ ድልድይ ትቀበላላችሁ በግድ ይበሉን ብለው ለመኑ። ከታች እስከ ላይ ሰው ሥልጣን ስጡን ብሎ ሲለምን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሥልጣናችንን ተቀበሉን ብሎ የለመነ ግን የእኛ ቀበሌ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል አሉን። ጎረቤት ቀበሌ በሚመጣው እሑድ ይሰበሰባል። እነሱ በጉባኤ አንወስድም ካሉና እኛ እዚያው፣ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንቀበላለን ካልን ባለሙያው ይመዘግባል። ከዚያ ካለፈ ግን በጀቱ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ሳምንቱን እንዴት እንደዋልኩት አትጠይቁኝ። ጎረቤት ቀበሌዎች የወንዙ የታችኛው ክፍል የእነሱ ነው፤ ድልድይ ያስፈልጋቸዋል። ይወስዱታል ስል እንቅልፍ አጣለሁ። ደግሞ እኮ የእኛው ዘመዶች ናቸው፣ እነሱም ሳይግደረደሩ አይቀሩም ስል እጽናናለሁ። ሰው የጎረቤቱን ጨዋነት እንዲህ አጥብቆ ሲመኝ አይቼ አላውቅም። ትርንጎ ደግሞ ላሚቱን የሚያይ ገዢ መምጣቱን ነገረችኝ። ምን አላት ብዬ አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

እሑድ መጣ። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የእነሱ ሕዝብ፣ የእኛ ልዑካን ከዳር፤ ባለሙያውም ሞተሩን አስደግፎ ቆሟል። ጎረቤት ቀበሌ ድልድዩን እንደማይፈልገው ገልጿል፣ እናንተ ትወስዱታላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ ጎረምሳ ከኋላ፣ እንወስዳለን፣ ምን ያጠያይቃል ብሎ ጮኸ።  ያን ልጅ እዚያው አፈር ቢውጠው ደስታዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ደግነቱ አጠገቡ ያሉ አሮጊት በጭራቸው ትከሻውን መቱና፣ አሳዳጊ የለህም እንዴ፣ ዝም በል አሉት። ሽማግሌያቸው ቀስ ብለው ተነሡ። ጢማቸው እስከ ደረታቸው ይወርዳል።

«የጎረቤታችንን ድልድይ ወስደን በየትኛው ዓይናችን እናያቸዋለን? ለባለቤቶቹ ይሁን» አሉ።

ተመስገን! ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን ሽማግሌው አልተቀመጡም። ወደ እኛ ዞረው ቆሙ፤ መላ ሕዝቡም ዞረ። የሚጠብቁትን አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የለም፣ እናንተው ውሰዱት እንድንላቸው ነው። በዐይኔ ጠርዝ ሳይ አያ ሞላ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። አባ ደርሶ ደግሞ ከሥራቸው ተራ ይዘዋል። ባለሙያው እስክሪብቶውን ከፍቷል። ትርንጎን አየኋት። እሷ ወደ እኔ አላየችም፤ መሬት መሬት ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች።

አፌ መቼ እንደተከፈተ አላውቅም።

«እንቀበላለን» አልኩ።

 አያ ሞላ ግማሽ ተነሥተው ቀሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለመን፣ አንድ ጊዜ ኧረ ሳይል፣ ድልድይ የሚያህል ነገር የሚቀበል ሰው እዚያ አካባቢ ታይቶ አይታወቅም። አንዱ ስግብግብ ሲል ሰማሁ።  ግን ከገባሁ በኋላ ወዴት እመለሳለሁ? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እንቀበላለን። እንፈልገዋለን። እኅቴ እንድትሄድብኝ አልፈልግም።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ለስብሰባው አጀንዳ አልነበረም። ባለሙያው ግን ሁሉንም ጻፈ መሰለኝ። የትኛው መሻገሪያ ላይ ሲለን ሁለቱ ሽማግሌዎች አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና፣ ዕጣ ይጣል ብዬ ቀደምኳቸው። ዕጣው ለላይ ሰፈር ወጣ። አያ ሞላ በሐዘን አንገታቸውን ደፉ፤ ደስታቸው ግን ከጆሯቸው ይታይ ነበር።

ስንመለስ አባ ደርሶ መንገዱን ሁሉ ሲገሥጹኝ መጡ። አዋረድከን፣ የአባትህ ልጅ አይደለህም፣ ከእንግዲህ ገሳይ ገበያ በምን ፊታችን እንወጣለን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ ስወጣ «እንቀበላለን መጣ» ይሉኛል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን አባ ደርሶ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ውሃውን አዩና፣ ቀስ ብለው፣ ደግ አደረግህ አሉኝ። ማንም እንዳልሰማቸው ዞር ዞር ብለው አረጋገጡ።

ትርንጎ ግን ከፊት ከፊታችን ሄደች።  መሻገሪያው ላይ ጫማዋን እያወለቀች፣ ድልድዩ እስኪቆም ሰኔ መግባቱ አይቀርም፣ እስከዚያ ወተቱን ማን ያሻግረዋል አለችኝ። እኔ ድል ያደረግሁ ሰው ነኝ፤ ደረቴ ገና አልተነፈሰም። «እኔ እያለሁ? እኔ አሻግርልሻለሁ እንጂ» አልኳት። እንዲህ ሲባል እንግዲህ፣ ኧረ ተው አትልፋ፣ የእርሻ ሥራህስ ይባላል። ትንሽ ቆም ብዬ ጠበቅኳት።

«እሺ» አለችኝ። «ከነገ ጀምሮ።»

ይኸውላችሁ አሁን ሰኔ ነው። ቀበሌው በሙሉ ደቦ ወጥቶ ድንጋይ ያመላልሳል፤ ግንበኛውም የድልድዩን እግር ደረት አድርሶታል። ውሃውም አላረፈም፣ እኔ ላይ ወገብ ደርሷል። ማን እንደሚቀድም ማዶና ማዶ ቆመው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ግን በየጠዋቱ ሱሪዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ጀሪካኑን ራሴ ላይ ተሸክሜ፣ ግንበኛው የዘረጋውን ገመድ ይዤ እገባለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደስታዬ ግን ሌላ ነው፤ ባለሥልጣን በገዛ ወንዙ ውስጥ ሲሄድ አይታችሁ አታውቁም።

ትናንት መሐል ላይ ደርሼ እግሬ አንሸራተተኝና ለጥቂት ቆምኩ። ትርንጎ ዳር ላይ ናት። ወደ ኋላ ሳልዞር፣ ለመሆኑ ያ ላም ገዢ ምን አለሽ ብዬ ጮህኩ። ያችን ጥያቄ ሰንብቼ ሰንብቼ ገና ያን ጊዜ መጠየቄ ነው። ወንዙ ስለሚጮህ መልሷን ለመስማት ገመዱን አጥብቄ ይዤ ቆምኩ።

«መልሸዋለሁ» አለች። «አንተ ወተቱን እንዳታፈሰው።»